የአክስቴን ጁክቦክስ ለማስነሳት የከፈልኩት ዋጋ

ጁክቦክሱን፣ ሳንቲም ሲገባበት የተመረጠውን ሸክላ የሚያጫውተውን ማሽን፣ ከፒያሳ ያወጣነው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈሩ ሊፈርስ፣ አክስቴም ቡና ቤታቸውን ሊያስረክቡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ። ስድስት ሆነን ተሸከምነው። ክብደቱን አትጠይቁኝ፤ ከመካከላችን ሁለቱ ለሳምንት ወገባቸውን ይዘው ከርመዋል። አክስቴ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ለጎረቤት ሲያድሉ ዓይናቸውን አላሹም። ይህን ሣጥን ግን በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና፣ "አንተ ውሰደው፤ ከመሞቴ በፊት አንድ ዘፈን አሰማኝ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው አምፖል መቀየርና የወደቀ ባልቦላ ማንሳት ብቻ ነበር። ዘፈኑን ለማሰማት አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ ግማሹ ራሴ ያበላሸሁትን ሳስተካክል ያለፈ ነው። በየጓዳው ጁክቦክስ፣ የቫልቭ (ሲበራ የሚግል የመስታወት ቱቦ) ሬዲዮ ወይም ከአባት የተወረሰ የሸክላ ማጫወቻ ያስቀመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ የእኔን ስሕተት እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ጻፍኩት።

ማሽኑ ሮክ-ኦላ ይባላል። ቺካጎ የተሠራ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ከሮክ ሙዚቃ ጋር ያያይዘዋል፤ እኔም አያይዤው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ዴቪድ ሮኮላ የሚባል ሰው የራሱን የቤተሰብ ስም በጭረት ከፍሎ የሰጠው ነው። ኩባንያው ጁክቦክስ መሥራት የጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያኔ ሮክ የሚባል ሙዚቃ አልተወለደም። አክስቴ ያገለገለውን ገዝተው ያስገቡት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ አሳታሚ ከከፈተ በኋላ አዳዲስ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በላይ በላዩ ይወጡ ነበርና፣ ደንበኛ ስሙኒውን ይዞ ይሰለፍ ነበር ይላሉ። ከዚያ ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ፤ ማታው ሞተ። ቀጥሎ ካሴት መጣ። ማሽኑም ከባንኮኒው ጎን ቆሞ የባዶ ጠርሙስ ሣጥን መደርደሪያ ሆነ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

የአሜሪካ ማሽን ስለሆነ በ117 ቮልት እንደሚሠራ ከጀርባው ላይ አንብቤያለሁ። የእኛ 220 ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ተዋስኩ፤ አቧራውን በመጥረጊያ አነሳሁ፤ ሰካሁት። በቃ፣ ዝግጅቴ ይኸው ነበር። ማሽኑ ዓመታት ሙሉ ኤሌክትሪክ ሳይቀምስ እንደኖረ አላሰብኩበትም። መጀመሪያ መብራቱ ቦግ አለ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ ከድምፅ ማውጫው እንደ ንብ ቀፎ ያለ ወፍራም ጉምጉምታ ተነሳ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ነገር "ጧ!" አለና ነጭ ጭስ በማስተንፈሻው ወጣ። እኔ ደንግጬ ስፒናውን ልነቅል ስንደረደር ቤቱ ሁሉ ጨለመ። ባልቦላውን ያወረድኩት እኔ መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳይ ግን ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ነው። በሕይወቴ መብራት ስለጠፋ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ የማሽኑ የራሱ ዋና ትራንስፎርመር ይቃጠል ነበር፤ እሱ ከተቃጠለ ደግሞ የሽቦ መጠምጠሚያውን እንደ ጥንቱ አድርጎ የሚሠራ ሰው ማግኘት ዘበት ነው።

"ፊውዙስ ለምን አልተቃጠለም?" ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። እኔ ያንን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊውዙን ሳወጣው ከድሮ ጀምሮ የተቃጠለ ነው፤ ሆኖም አንድ የጨነቀው ሰው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎበት መልሶ ከቶታል። ስለዚህ ለዓመታት ማሽኑን የሚጠብቀው ምንም ነገር አልነበረም። የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ አሮጌ ዕቃ ስትከፍቱ ከሁሉ አስቀድማችሁ ፊውዙን አውጥታችሁ ተመልከቱ። በብረቱ ላይ የተጻፈው አምፔር ስንት እንደሆነ አንብቡና ያንኑ ግዙ። ዘግይቶ የሚቃጠል ዓይነት ከሆነም ዘግይቶ የሚቃጠለውን። ትልቅ አምፔር ያለው "ይበልጥ ጠንካራ" አይደለም፤ ይበልጥ ደንታ ቢስ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼን ያገኘኋቸው። ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ሱቃቸውን ልጃቸው የስልክ መጠገኛ አድርጎታል፤ እርሳቸው ጥግ ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ። የፈነዳውን ዕቃ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና፣ "ይሄ ኮንደንሰር ነው። አንተ ነህ የገደልከው ወይስ ሞቶ አገኘኸው?" አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ብዙ ሳቁ። ከዚያ መምጣት የጀመሩት እሑድ እሑድ ነው፤ ክፍያቸው ቡናና የአክስቴ ጨዋታ ነበር።

ጋሼ ማሽኑን ሲከፍቱ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ግራ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ መክተታቸው ነው። ቀዝቅዟቸው መስሎኝ ነበር። "ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ልብ አለች" አሉ። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ማሽኑ ተነቅሎም ቢሆን ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ጋሼ ኮንደንሰር የሚሏቸው፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙ ዕቃዎች) ያንን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። 10 ኪሎ ኦም የሆነ ወፍራም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ዕቃ)፣ ባለ 5 ወይም 10 ዋት፣ በሁለት ሽቦ አስሮ ካፓሲተሩን ለጥቂት ሰከንድ በእሱ ማራገፍ፣ ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ማየት ግዴታ ነው። በብሎን መፍቻ ጫፍ አገናኝቶ ማስፈንጠር የጀግና ሥራ ይመስላል፤ ግን ካፓሲተሩንም ዓይናችሁንም ይጎዳል። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ "አሁን ነው የነቀልኩት፣ ትንሽ ነው የቆየው" ብዬ ሳላራግፍ ነካሁ። እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ተወርውሮ ክርኔ ግድግዳ መታ። ሁለተኛ አልደገምኩም።

ሁለተኛው የጋሼ ስጦታ አምፖሉ ነው። አንድ የድሮ ዓይነት ባለ ክር አምፖል፣ 100 ዋት፣ ከ220 መስመሩ ላይ ከማሽኑ ጋር በተከታታይ ታሰራለች፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚደርሰው በአምፖሏ ክር አልፎ ነው። ስትሰኩ አምፖሏ ብልጭ ብላ ከደበዘዘች ማሽኑ ደህና ነው፤ ቦግ ብላ ከቀረች ውስጥ የተነካካ ነገር አለ፣ ንቀሉ። ጉዳቱን አምፖሏ ትቀበላለች፤ ማሽኑ አይቃጠልም። ችግሩ እንዲህ ያለች አምፖል ማግኘት ነው። ሱቁ ሁሉ ኤልኢዲ ሆኗል፤ ኤልኢዲ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት ጫጩት ከሚያሳድጉ ጎረቤት ነው፤ ለማሞቂያ ካስቀመጧቸው ሁለቱን ሰጡኝ።

ይህን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ እንኳ ሌላ ጥፋት ጠበቀኝ። ጋሼ ታመው ሁለት እሑድ ሳይመጡ ቀሩ። እኔም ሥራ ላፋጥን ብዬ ማጉያውን አውጥቼ ያረጁትን ዕቃዎች በሙሉ በአንድ ቅዳሜ ነቀልኳቸው። ሃያ ምናምን ካፓሲተር በሳህን ላይ ተከመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እውነት ነው፤ ማታ ላይ የትኛው ከየት እንደወጣ አላውቅም። ፎቶ አላነሳሁም። የጥገና መጽሐፉን ቅጂ ከኢንተርኔት አግኝቼ በንድፉ መሠረት እያንዳንዷን መገጣጠሚያ ስፈልግ አንድ ወር ሄደ። እናንተ አንዱን ነቅላችሁ አንዱን ግጠሙ፤ ከዚያ በአምፖሏ ፈትሹ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂዱ። አንድ ዕቃ ቀይራችሁ ማሽኑ ቢታመም ጥፋተኛው የታወቀ ነው። ሃያ ቀይራችሁ ከታመመ ግን የት ብላችሁ ትጀምራላችሁ?

በአሮጌ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዛሬ ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) የምንለውን ያኔ "ኤም ኤፍ ዲ" ብለው ይጽፉት ነበር። ይህ አያስቸግርም። በትንንሾቹ ላይ ግን "ኤም ኤም ኤፍ" የሚል አለ። እኔ አንዷን "ኤም" እንደ አንድ ሺኛ ቆጥሬ፣ 500 የሚለውን 0.5 ማይክሮፋራድ አድርጌ ገጠምኩ። ትርጉሙ ግን የማይክሮፋራድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ዛሬ ፒኮፋራድ የምንለው። ስለዚህ ከሚገባው አንድ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ዕቃ አስገብቻለሁ። ውጤቱ ዘፋኙ ሦስት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ሌላ ስሕተት ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ከተንከራተትኩ በኋላ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዕቃዋን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና፣ "ልጄ፣ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?" አሉ።

ቮልቴጁም እንዲሁ ነው። የፈነዳው የማጣሪያ ካፓሲተር ላይ 30 ማይክሮፋራድ፣ 475 ቮልት ይላል። ያገኘኋቸው አዳዲሶች ትልቁ 450 ነው። "25 ቮልት ምን ታመጣለች" ብዬ ልገዛ ነበር፤ ጋሼ ናቸው የከለከሉኝ። ማሽኑ ሲበራ፣ ቫልቮቹ ገና ሳይሞቁ፣ ቮልቴጁ ከመደበኛው በላይ ይወጣል፤ ያቺ 25 ለዚያች ደቂቃ የተቀመጠች ናት። መፍትሔው ሁለት ባለ 68 ማይክሮፋራድ፣ 350 ቮልት ካፓሲተር በተከታታይ ማሰር ሆነ፤ አቅማቸው ወደ 34 ይወርዳል፣ የሚችሉት ቮልቴጅ ግን ወደ 700 ይወጣል። በእያንዳንዳቸው ላይ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ይታሰራል፤ ያለዚያ ቮልቴጁን እኩል አይካፈሉም፣ አንደኛው ተሸክሞ ይሞታል። ደግሞም "ትልቅ ይሻላል" ብላችሁ 100 ማይክሮፋራድ አትግጠሙ። 5ዩ4 የሚባለው፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ቫልቭ ከፊቱ ከ40 ማይክሮፋራድ በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፤ በበራ ቁጥር ያንን ባዶ በርሜል ለመሙላት ሲታገል ዕድሜው ያጥራል። ለምትቀይሩት ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ "አሮጌው እዚህ ምን ይሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ማየት ከዚያ በኋላ ነው።

ዕቃ ስለመግዛት ልንገራችሁ። ምናለሽ ተራ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የተቀደደ ስፒከር፣ ጉብታ ቁልፎች፣ ጥሩ የመዳብ ሽቦ፣ እንዲያውም አንድ ቀን ከአሮጌ የጀርመን ሬዲዮ የወጣ ጤነኛ ቫልቭ አግኝቻለሁ። ቫልቭ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፤ ያልተሠራበት ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይሠራል። ካፓሲተር ግን እንደ ወተት ነው። ከአንድ ሱቅ "አዲስ" ብለው የሸጡልኝ አራቱ፣ ላያቸው የሚያብረቀርቅ፣ እግራቸው ላይ ግን የቀድሞ ብየዳ ቅሪት ነበረበት። እግሩን እዩ፤ አዲስ ዕቃ እግሩ ረጅምና ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ዋና ዋናዎቹን ያስመጣሁት ከአሜሪካ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ነው፤ አራት 6ኤል6 ቫልቮች በካልሲ ተጠቅልለው፣ በሕፃን ጫማ ውስጥ ገብተው ሳይሰበሩ ደረሱ። ለዘመድ ስትልኩ የዕቃውን ስም ብቻ አትጻፉ፤ ቁጥሩን፣ ቮልቴጁን፣ የእግሩን አወጣጥ በሥዕል ጭምር አድርጉ። እኔ ካፓሲተር ብዬ ብቻ ጽፌ የማቀዝቀዣ ሞተር ማስነሻ መጥቶልኛል። ትልቅ ነገር ነው፤ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ከሁሉ ያስፈራኝ ቀን ቫልቩ የቀላበት ቀን ነው። የወረቀት ካፓሲተሮችን ስቀይር ሁለቱ ላያቸው ንጹሕ ነበር፤ በመልቲሜትር ለካኋቸው፣ 0.1 ማይክሮፋራድ አሉ፤ ልክ ናቸው። ተውኳቸው። ማሽኑ ተነሳ፣ ድምፅ ወጣ፣ ተደሰትኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በጎን ሳይ ከአራቱ የኃይል ቫልቮች አንዱ ልዩ ሆነብኝ። ሁሉም ክራቸው እንደ ፍም ብርቱካንማ ነው፤ የእሱ ግን በውስጡ ያለው ግራጫ ቆርቆሮ ራሱ ከመሐል ጀምሮ መቅላት ጀምሯል፤ መጀመሪያ የአተር ፍሬ የሚያህል ነጥብ፣ ከዚያ እየሰፋ። ነቀልኩት። ምክንያቱ ያ "ልክ ነው" ያልኩት ካፓሲተር ነው። ሥራው ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማገድ ነበር፤ ከእርጅና ብዛት ማገዱን ትቶ ያንጠባጥባል፣ ቫልቩም ያለ ልጓም ይጋልባል። መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ ይህን ልቅነት አያይም፤ የሚታየው 300 ቮልት ሲጫነው ነው። ስለዚህ የሰም ወረቀት ካፓሲተር አይታመንም፤ መልኩ ቢያምርም፣ ቢለካም፣ ባለ 630 ቮልት በሆነ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ካፓሲተር ቀይሩት። ዋጋው ከቫልቩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሸክላ የሚመርጡትንና የሚያነሡትን ክፍሎች የሚመግብ ሌላ የኤሌክትሪክ መስመር አለ። እዚያ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው የሴሌኒየም ሬክቲፋየር ነበር፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ አራት ማዕዘን ሳህኖች። ይህ ዕቃ ሲያረጅ ይዳከማል፤ ሲቃጠል ደግሞ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል መርዛማ ሽታ ያወጣል። ሽታው ከደረሳችሁ ስፒናውን ንቀሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ። ምትኩ ቀላል ይመስላል፦ ትናንሽ የሲሊኮን ዳዮዶች፤ በየሱቁ ሞልተዋል። ገጠምኩ፤ ሠራ፤ እንዲያውም የሸክላ መያዣው እጅ እንደ ወጣት ይወረወር ጀመር። እዚህ ላይ ነው የተታለልኩት። ሴሌኒየሙ ራሱ የተወሰነ ቮልቴጅ ይበላ ነበር፤ እያንዳንዱ የሲሊኮን ዳዮድ የሚበላው ግን ከአንድ ቮልት ያነሰ ነው። መስመሩ 28 መሆን ሲገባው 35 ሆነ። በሳምንቱ አንደኛው ጥቅልል ሽቦ በእጅ የማይነካ ሆኖ ሞቀ፤ ልባሱም መሽተት ጀመረ። በመስመሩ ላይ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ጨምሬ፣ ማሽኑ ሸክላ በሚያነሳበት ጊዜ እየለካሁ፣ ወደ 28 አወረድኩት። ቆሞ ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል፤ ጭነት ላይ እያለ ለኩ።

ሽቦውን በሁለት ቃል ልለፈው። ባለ ሁለት እግር የድሮ ገመድ ነበረው፤ ጎማው በእጅ ሲነካ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። በሦስት መስመር ገመድ ቀይሩት፤ የመሬቱን መስመር ከብረት ገላው ጋር በብሎን አጥብቁ። ገበያ ላይ ያሉት ከ220 ወደ 110 የሚያወርዱ ትራንስፎርመሮች አብዛኞቹ መስመሩን ከዋናው አይለዩም፤ ስፒናው ከተገለበጠ 110 ነው ያላችሁት ሽቦ ከመሬት ጋር ሲለካ 220 ሊሆን ይችላል። ደግሞም የመሐል ከተማ አሮጌ ቤቶች ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው የመሬት መስመር ላይኖር ይችላል። የእኔ ቤት አልነበረውም። ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠርቼ አስቀበርኩ። መብራት ሲጠፋም ወዲያው ንቀሉ፤ ሲመለስ በምን ዓይነት ቁጣ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ።

የጌጥ መብራቱን ፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩት። የድሮው ባላስት (የፍሎረሰንቱን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር አፍስሶ ነበር፤ በዚያ ዘመን በተሠሩት ውስጥ መርዛማ ዘይት ሊኖር ስለሚችል ያለ ጓንት አትንኩት። አክስቴ ነጩን ብርሃን አይተው "ፋርማሲ አስመሰልከው" ስላሉ ቢጫ ወዳለው ለወጥኩት።

እንግዲህ አንድ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። አክስቴ ነጭ ለብሰው መጡ፤ ጋሼም አሉ። የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ አስመረጥኩ። እጁ ሄዶ አነሳ፤ አሳረፈ፤ መርፌው ወረደ፤ ዘፈኑ ጀመረ። ሁላችንም ዝም አልን። አክስቴ ጥቂት አዳመጡና ፊታቸው ተቀያየረ። "ይሄ ጥላሁን ነው? ምነው፣ ታሞ ነው እንዴ?" አሉ።

ድምፁ ወፍሯል፤ ዜማው ይጎተታል። እኔ ሞተሩ ደክሟል ብዬ ዘይት ቀባሁ፣ ጎማውን በአልኮል ጠረግሁ፤ ለውጥ የለም። በማዞሪያው ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ በስልኬ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ያን ጊዜ የሒሳብ ሙያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። 45ን በ60 አካፍላችሁ በ50 ብታባዙ የምታገኙት 37.5 ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50 ጊዜ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ይህን አይቀይርም፤ ሞተሩ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያ ነው። ማሽኑ ቡና ቤት ሳለ እንዴት ልክ ይዞር ነበር ለሚል፣ መልሱ ከሞተሩ ዘንግ ሥር ባለው አቧራ ውስጥ ተገኘ፤ የተሰነጠቀች የናስ ቀለበት። ዘንጉን ታወፍር የነበረችው እሷ ኖራለች። እኔ በመጀመሪያው ወር ቁርጥራጭ ብረት መስላኝ ከቦታዋ አንስቼ ጥዬአት ነበር።

ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ዘንጉ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ እንዲጨምር 6 መሆን አለበት። ቶርኖ ሠሪው ዕቃዋን መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ "ይቺን ለማን ጣት ነው?" ብሎ ቀለደብኝ፤ ግን በጥንቃቄ ሠራት። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስሕተት እንኳ በጆሮ የሚለይ ነውና መለኪያውን አብራችሁ ተመልከቱ። ገጠምኩ፤ ቆጠርኩ፤ አርባ አምስት። በ60 የተሠራ ሞተርና ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከጀርባ ትንሽ ማራገቢያ አድርጌለታለሁ፣ ከሁለት ሰዓት በላይም አላስለፋውም።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመምረጫ ቁልፎቹ አንዱ ሲጫን የጎረቤቱን ሸክላ ያመጣል። የነካኩትን ሁሉ መልሼ ፈተሽኩ። መነካኪያዎቹን በአልኮል በራሰ ጠንካራ ወረቀት አጸዳሁ (በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ ላያቸው ላይ ያለውን ስስ ብር ይወስደዋል)። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከንድፉ ጋር አመሳከርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት። አልተገኘም።

አክስቴ በሚቀጥለው እሑድ መጡ። ጥላሁን አሁን ጤነኛ ነው፤ ሰሙት፤ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሌላ ዘፈን ሊመርጡ ተነሱ፤ እኔም አፍሬ፣ "እትዬ፣ ያቺን ቁልፍ ይተዋት፣ ገና አላስተካከልኳትም፤ የማይፈልጉትን ነው የምታመጣው" አልኳቸው።

"እሷ እኮ ድሮም እንዲሁ ናት" አሉ፣ ከጎኗ ያለችውን እየተጫኑ። "ደንበኛ ሁሉ ያውቃታል።"